ቤት ማከራየት በሎክዳውን ጊዜ፦ የቆመው እግር ነው፣ ውሉ አይደለም

ኮቪድ የገባ ሰሞን ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር አንድ ወሬ ነበር፣ «ሎክዳውን ስለሆነ ኪራይ አይከፈልም ተብሏል» የሚል። ተከራይ ሰምቶ ደስ አለው፣ አከራይ ሰምቶ ደነገጠ፣ ህጉን ከፍቶ ያነበበው ግን ከሁለቱም ወገን ጥቂት ነው። እኔ ራሴ ያኔ የማከራየው ቤት ስለነበረኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወሬውን አምኜ ተክዤ ተቀምጬ ነበር፣ ኋላ ቁጭ ብዬ ሳነበው ነው ነገሩ ሌላ መሆኑ የገባኝ። ሎክዳውን ያቆመው የሰውን እግር ነው እንጂ ውሉን አይደለም። ኪራዩ በየወሩ እየቆጠረ ነበር፣ የተቀየረው አከራይ ገንዘቡን አስገድዶ የሚያስከፍልበት መንገድ ነው፣ ደሞ አዲስ ተከራይ የሚያገኝበት መንገድ።

ስለዚ መጀመሪያ ሁለት አይነት አከራይ እንዳለ ያዙልኝ። አንዱ ባዶ ቤት ይዞ ተከራይ የሚፈልግ ነው፣ ሌላው ተከራይ እያለው ኪራይ ያልገባለት። የሁለቱ ችግር አይገናኝም፣ መፍትሄውም አይገናኝም፣ ግን ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ ስለሚያወራ ነው ነገሩ የሚምታታው። በባዶው ልጀምር (ከዚ በታች ያሉት ቀኖች ሌላ ካላልኩ በቀር ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ቤት ማከራየት ማለት ብታስቡት ሰው ማመላለስ ነው። ፈላጊው መጥቶ ያያል፣ ደላላው ይመላለሳል፣ የድሮው ተከራይ ጭኖ ይወጣል፣ ቀለም ቀቢው ይገባል፣ አዲሱ ጭኖ ይመጣል፣ አንድ ቤት እጅ እስኪቀይር አስር ሰው ሊረግጠው ይችላል። ቫይረሱ ደሞ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ለዛ ነው ብዙ አገር ገና ከመጀመሪያው ቤት መቀየርን የከለከለው ወይ «ብትችሉ አቆዩት» ያለው። እንግሊዝ ማርች 2020 መጨረሻ ላይ የተዋዋላችሁትም ብትሆኑ የመግቢያ ቀናችሁን ግፉት አለች፣ የቤት ገበያው ተመልሶ የተከፈተው ሜይ 13 2020 ነው። የተከፈተውም እንደ ድሮው አይደለም፣ መጀመሪያ በቪዲዮ ይታይ፣ የምሩን የሚፈልግ ብቻ በአካል ይምጣ፣ በአንድ ጊዜ የአንድ ቤት ሰው ብቻ ይግባ፣ የውስጥ በሮች አስቀድመው ይከፈቱ (እጀታ የሚነካ እንዳይኖር ነው)፣ በቤቱ የሚኖር ሰው ካለ ለዛች ሰዓት ወጣ ይበል፣ ሀያ ሰው አንድ ላይ ጠርቶ «ኦፕን ሀውስ» ማድረግ የለም። እነዚህን ህጎች ያኔ ሰው ሲስቅባቸው አስታውሳለሁ፣ ግን በእውነት ለማንኛውም ወረርሽኝ የሚሆን ጥሩ አሰራር ናቸው፣ ነገ ሌላ ነገር ቢመጣም የምጀምረው ከነሱ ነው።

ቪዲዮው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው አከራይ የተሸወደው እዚ ጋር ነው። ተቀርጾ የሚላክ ቪዲዮና በቀጥታ የሚደረግ ቪዲዮ ኮል አንድ አይደሉም። የተቀረጸው ማስታወቂያ ነው፣ አከራዩ ሊያሳይ የፈለገውን ብቻ ያሳያል፣ ሰፊ ሌንስ ያለው ስልክ ደሞ ሁለት በሦስት የሆነችውን ክፍል አዳራሽ ያስመስላታል። ተከራይ ያንን አይቶ ገብቶ አልጋው አልገባ ሲለው ጠቡ የሚጀምረው በመጀመሪያው ቀን ነው። ቪዲዮ ኮል ግን ጠያቂው ራሱ ካሜራውን የሚመራበት ነገር ነው።

እኔ ጋር የደወለችው ልጅ አስተማረችኝ ማለት እችላለሁ። እኔ ሳሎኑን እያሳየሁ ብርሃን አለው ምናምን እያልኩ ስለፈልፍ ዝም ብላ ሰማችኝና «ጋሼ፣ እስኪ ሻወሩን ይክፈቱልኝ» አለች። ከፈትኩ። «አሁን ሳይዘጉት ኩሽና ሄደው ያንንም ይክፈቱልኝ፣ ከዛ ተመልሰው ሻወሩን ያሳዩኝ።» ተመለስኩ፣ ውሃው ቀጥኗል። ቤቱን ስንት ዓመት ሳከራይ ሁለቱን አንድ ላይ ከፍቼ አላውቅም ነበር። ቀጥላ መኝታ ቤት አስገባችኝና መስኮቱን ዘግቼ አንድ ደቂቃ እንዳላወራ ጠየቀችኝ፣ ከዛ ከፍቼ ሌላ አንድ ደቂቃ፣ የመንገዱን ድምፅ እየለካች መሆኑ ነው። መጨረሻ ላይ «ጋሼ ይቅርታ፣ ቁም ሳጥኑን ትንሽ ወደ ፊት ይሳቡልኝ» አለች፣ ስስበው ከኋላው መዳፍ የሚያህል ጥቁር ሻጋታ ግድግዳው ላይ ቁጭ ብሏል። አፈርኩ። ግን ደሞ ያቺ ሀያ ደቂቃ ናት ቤቱን ያከራየችልኝ፣ ምክንያቱም ሻጋታውን አክሜ መልሼ ስደውልላት የማትተማመንበት ነገር አልቀራትም ነበር። ስለዚ አከራይ ከሆናችሁ ሰው እስኪጠይቅ አትጠብቁ፣ ጉድለቱን ራሳችሁ አሳዩት፣ በአካል ሳያይ የሚገባ ሰው በኋላ የሚያገኘው እያንዳንዱ ያልተነገረው ነገር እንደ ማታለል ነው የሚቆጠረው።

ማታለል ካልን አይቀር፣ ሎክዳውን ለአጭበርባሪ ሰርግና ምላሽ ነበር። የድሮው አጭበርባሪ «ቤቱን ማየት አትችልም» ለማለት ምክንያት መፍጠር ነበረበት፣ ሎክዳውን ምክንያቱን በነፃ ሰጠው። አሰራሩ ሁሌም አንድ አይነት ነው፣ ከሌላ ማስታወቂያ ላይ የተሰረቀ ፎቶ፣ ከአካባቢው ዋጋ የወረደ ኪራይ፣ «እኔ ውጭ አገር ነኝ በረራ ስለቆመ መምጣት አልቻልኩም» የሚል ባለቤት፣ እና «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው ዛሬውኑ ማስያዣውን ላክ»። መከላከያው ቀላል ነው፣ ፎቶውን በምስል ፍለጋ ጎግል ላይ መፈተሽና በላይቭ ቪዲዮ ከበሩ ውጭ ተነስቶ ቁልፉን በሩ ላይ አዙሮ እየከፈተ እንዲገባ መጠየቅ። የሰው ቤት ፎቶ የሰረቀ ሰው ቁልፉን ማዞር አይችልም። አከራይም በዚ በኩል ነፃ አይደለም፣ የተጭበረበረ የደሞዝ ወረቀት በስካን መላክ በአካል ከማቅረብ ይልቅ ይቀላል፣ ስለዚ ወረቀቱን አይቶ ማመን ሳይሆን ቀጣሪው ጋር ራሱ ባገኘው ስልክ (ተከራዩ በሰጠው ሳይሆን) መደወል ነው።

አሁን ዋጋ። አብዛኛው አከራይ እዚ ጋር የሚሳሳተው በኩራት ነው። «ቤቴ 100 ነው የሚያወጣው፣ ከ100 በታች አልሰጥም» ይላል (100 የምለው ለስሌት እንዲመች ነው፣ የፈለጋችሁትን ገንዘብ አድርጉት)። ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ቆይቶ በ100 ቢከራይ በመጀመሪያው ዓመት 1000 ነው የሚገባለት። ዛሬውኑ በ90 ቢሰጠው ግን 1080 ያገኛል። አንድ ወር ባዶ መቆየት ማለት ከዓመቱ ኪራይ 8 በመቶ ከምናምን መጣል ማለት ነው፣ ይሄንን ቁጥር ጭንቅላታችሁ ውስጥ ካስገባችሁት ከ8 በመቶ በታች የሆነ ቅናሽ ሲጠየቅ ያን ያህል አያማችሁም። በተለይ ገበያው የሚቀጥለው ወር ይሻል ይሆን ወይ የሚለውን ማንም በማያውቅበት ጊዜ።

ሌላው ዘዴ ኪራዩን ሳይነኩ ነፃ ወር መስጠት ነው፣ ኒውዮርክ ውስጥ በ2020 ብዙ አከራዮች ይሄንን አድርገዋል። ውሉ ላይ 100 ተብሎ ይጻፋል፣ ግን ከ12 ወር ሁለቱ በነፃ ነው፣ ሲካፈል ወደ 83 ይመጣል። አከራዩ ለምን እንደሱ ይመርጣል ብትሉ፣ ውሉ ሲታደስ መነሻው 100 ሆኖ ስለሚጠብቀው ነው፣ ባንክም የህንጻውን ዋጋ ሲያሰላ የሚያየው የተጻፈውን ቁጥር ስለሆነ። ተከራዩ ግን በ83 የለመደ ኪሱ በ13ኛው ወር 100 ሲጠየቅ ጭማሪ የተደረገበት ነው የሚመስለው። ስለዚ ተከራይ ከሆናችሁ «ነፃ ወር» ሲባል ደስ ከማለታችሁ በፊት እድሳቱ በስንት እንደሚሆን በጽሁፍ ጠይቁ።

ዋጋው ለምን ወረደ የሚለውም ግልጽ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም በሁሉም ቦታ አልወረደም። ክፉኛ የወረደው የትላልቅ ከተሞች እምብርት ነው፣ ማንሃታን፣ ሳንፍራንሲስኮ። ሰው ከቤት ሆኖ መስራት ሲጀምር ለቢሮ መቅረብ ዋጋ አጣ፣ ተማሪው ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ፣ ቱሪስቱ ጠፋ። የቱሪስቱ መጥፋት ደሞ ሌላ መዘዝ ይዞ መጣ፣ በቀን ይከራዩ የነበሩት ቤቶች ባንዴ ወደ ወርሃዊው ገበያ ፈሰሱ። ቤት በቀን የሚያከራየው ድረ ገጽ ኤርቢኤንቢ ማርች 14 2020 ላይ ከዛን ቀን ጀምሮ ላሉት ሳምንታት ቦታ የያዙ እንግዶች ሙሉ ገንዘባቸውን ተቀብለው መሰረዝ እንዲችሉ አደረገ (ጊዜው በኋላ እየተራዘመ ሄደ)፣ አከራዮቹ ተንጫጩ፣ በዛው ወር መጨረሻ ለአከራዮች 250 ሚሊዮን ዶላር መደበ፣ ግን የደረሳቸው በራሳቸው የስረዛ ውል ያገኙት ከነበረው ሩብ ያህሉ ነው። በቀን ኪራይ ላይ ብድሩን የመሰረተ ሰው በዛ ሩብ የትም አይደርስም፣ ስለዚ ቤቱን ለቋሚ ተከራይ አወጣው። ጎረቤት ያለው የወትሮው አከራይ ያላሰበው ተፎካካሪ ይሄ ነበር፣ እቃ የተሟላለት፣ ፎቶው ያማረ፣ ዋጋው የወረደ ቤት።

እሺ፣ ተከራይ ተገኘ እንበል። ውሉ እንዴት ይፈረማል? በብዙ አገር በኤሌክትሮኒክ ፊርማ የተፈረመ የኪራይ ውል ይጸናል፣ ምስክር ወይም ምዝገባ ግን ሊጠየቅ ይችላል፣ እሱን እንዳገራችሁ አጣሩ። የመታወቂያ ማጣራትም ያኔ ወደ ቪዲዮ ዞሮ ነበር፣ እንግሊዝ አገር አከራይ የተከራዩን የመኖሪያ ፈቃድ ዋናውን ወረቀት ይዞ የማየት ግዴታ ነበረበት፣ ከማርች 30 2020 ጀምሮ ግን ተከራዩ ስካን አድርጎ ልኮ በቪዲዮ ኮል ላይ ዋናውን ካሜራው ፊት እንዲይዘው ተፈቀደ።

ርክክቡ ግን በቪዲዮም ቢሆን ቀላል ነው ብላችሁ አትለፉት። ሰውየው ከመግባቱ በፊት ቤቱን ክፍል በክፍል እየዞራችሁ ቅረጹ፣ ጣሪያ፣ ወለል፣ የበር ጀርባ፣ የምድጃ ውስጥ፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ቁጥር፣ የቁልፉን ብዛት እየቆጠራችሁ። ቀኑን በአፋችሁ ተናገሩ። ፋይሉን በዛው ቀን ለተከራዩ ላኩና «ደርሶኛል፣ ይሄና ይሄ ግን ቪዲዮው ላይ አልታየም» ብሎ እንዲመልስላችሁ ሁለት ሦስት ቀን ስጡት። ቁልፉን በሩ አጠገብ በቁጥር የሚከፈት ትንሽ ሳጥን ውስጥ አድርጎ ቁጥሩን ማስያዣው ከገባ በኋላ መላክ ይቻላል፣ ተከራዩ ከገባ በኋላ ቁጥሩን መቀየር እንዳትረሱ ብቻ።

ቤቱ ካልተከራየስ? ባዶ ቤት ዝም ብሎ የሚጠብቅ እቃ ይመስለናል፣ አይደለም። የመጀመሪያው ነገር ኢንሹራንስ ነው። ብዙ የቤት ኢንሹራንስ ውል ውስጥ በትንሽ ፊደል «ቤቱ ከ30 ቀን (አንዳንዱ ከ60) በላይ ሰው ካልኖረበት» የምትል አንቀጽ አለች፣ ከዛ ቀን በኋላ ቧንቧ ቢፈነዳ ወይ ሌባ ቢገባ ሽፋኑ ይቀንሳል ወይ ጭራሹኑ ይቀራል። በደህና ጊዜ ቤት 30 ቀን ባዶ ስለማይቀመጥ አንቀጿን ማንም አያያትም፣ በሎክዳውን ግን 30 ቀን ምንም አይደለም። ደውላችሁ ቤቱ ባዶ መሆኑን አሳውቁ፣ የሚሉትን በጽሁፍ ተቀበሉ። ሁለተኛው ውሃው ነው። ቧንቧ ውስጥ ለሳምንታት የቆመ ለብ ያለ ውሃ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ያራባል፣ ሻወሩ ሲከፈት በጉም መልክ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ከባድ የሳንባ ምች ነው የሚያመጣው። በሳምንት አንድ ቀን ሁሉንም ቧንቧ ለተወሰነ ደቂቃ መክፈት፣ ሻወሩን ደሞ ጉሙ እንዳይበተን ጭንቅላቱን በፌስታል ሸፍኖ ወይ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ማፍሰስ። በዛውም ማጠቢያው ስር ያለችው የተጣመመች ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ደርቆ ከፍሳሹ የሚመጣው ሽታ ቤቱን እንዳይሞላው ያደርጋል። ቪዲዮ ሽታ አያስተላልፍም፣ ተከራዩ ግን ገብቶ ያሸታል።

ወደ ሁለተኛው አከራይ እንምጣ፣ ተከራይ ያለው ግን ኪራይ ያልገባለት። ከባዱ ይሄ ነው፣ የመጀመሪያው ወሬም የተወለደው ከዚ ነው።

መንግስታት ያደረጉትን በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል፣ ማስለቀቅን ማገድ፣ ክፍያን ማስተላለፍ (ለሌላ ጊዜ ማቆየት ማለቴ ነው)፣ እና ኪራዩን ራሱን መቀነስ። ብዙው አገር ያደረገው የመጀመሪያውን ነው። እንግሊዝ ከማርች 27 እስከ ሴፕቴምበር 20 2020 የማስለቀቅ ክሶች በፍርድ ቤት እንዳይታዩ አቆመች። አሜሪካ ማርች 27 2020 በወጣው ህግ የፌደራል መንግስቱ የሚደግፈው ብድር ባለባቸው ቤቶች ላይ ለ120 ቀን አገደች፣ ከሴፕቴምበር 4 2020 ደሞ ሲዲሲ የሚባለው የጤና መስሪያ ቤት በራሱ ትእዛዝ ሰፋ አድርጎ አገደ። አውስትራሊያ ማርች 29 ላይ የስድስት ወር እገዳ አወጀች፣ ኒውዚላንድ ኪራይ መጨመርን ለስድስት ወር ከለከለች፣ በኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር። ልብ በሉ፣ ከእነዚህ አንዳቸውም «ኪራይ አትክፈል» አላሉም። የሲዲሲው ትእዛዝ እንደውም ተከራዩ እዳው እንዳለበት ፈርሞ እንዲያምን ነው የሚጠይቀው። ማለት፣ አሁን አያስወጡህም፣ እዳው ግን እየተቆለለ ነው።

ክፍያን በማስተላለፍ ጀርመን ጥሩ ምሳሌ ናት፣ ህጉ አጭርና ግልጽ ስለነበር። ከኤፕሪል እስከ ጁን 2020 ያሉትን የሦስት ወር ኪራዮች በኮቪድ ምክንያት ያልከፈለ ሰው በዛ ምክንያት ብቻ ውሉ አይቋረጥበትም፣ ግን እስከ ጁን 30 2022 አጠቃሎ መክፈል አለበት። ወለድም ሊታሰብበት ይችላል። በእውነት ኪራዩን የቀነሰ ጥቂት ነው፣ ስፔን አንዷ ናት፣ ማርች 31 2020 ባወጣችው ድንጋጌ ከ10 ቤት በላይ ያለው አከራይ ለተቸገረ ተከራይ ወይ ኪራዩን በግማሽ እንዲቀንስ ወይ በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲመለስ እንዲያስተላልፍ አስገደደች። አንድ ቤት ብቻ ያለውን አከራይ ግን ተነጋገሩ ነው ያለችው። ይሄ ልዩነት ለኔ ፍትሃዊ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም መቶ ቤት ያለው ድርጅትና በአንዲት ቤት ኪራይ ጡረታዋን የምትደጉም እናት በአንድ ስም «አከራይ» ስለተባሉ ብቻ አንድ አይነት ሸክም አይችሉም።

አከራዩ ራሱ የባንክ እዳ ካለበትስ? እንግሊዝ ተከራዮቻቸው የተቸገሩ አከራዮችም የሦስት ወር የብድር እፎይታ እንዲያገኙ ማርች 18 2020 ላይ አስታውቃ ነበር፣ በኋላም ተራዝሟል። ግን እሱም እፎይታ እንጂ ምህረት አይደለም፣ ወለዱ እየተቆጠረ ነው የቆየው። ተከራዩ ለአከራይ አስተላለፈ፣ አከራዩ ለባንክ አስተላለፈ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተያይዞ የሚመጣ እዳ ነው።

ስለዚ ሁለቱ ሰዎች በግል የሚያደርጉት ስምምነት ከህጉ በላይ ወሳኝ ነበር፣ የሚበላሸውም እሱ ነው። «አይዞህ ስትችል ትከፍላለህ» የምትባለው ነገር ደግነት ናት፣ ግን ከስድስት ወር በኋላ አንዱ «ምረኸኛል» ሌላው «አቆይቼልሃለሁ» ብለው የሚጣሉባት ቃል ናት። በጽሁፍ መሆን ያለበት ነገር ብዙ አይደለም፣ ከወሩ ኪራይ ስንቱ ነው የሚከፈለው፣ የቀረው ተሰረዘ ወይስ ተላለፈ (እነዚህን ሁለት ቃላት አትቀላቅሉ)፣ መመለስ የሚጀምረው መቼ ነው፣ በወር ስንት። 100 የሚከፍል ሰው ለሦስት ወር 60 ቢከፍል 120 ይተላለፋል፣ በዓመት ቢመልሰው በወር 10 ነው፣ 110 እየከፈለ ይቀጥላል ማለት ነው፣ ይሄ የሚቻል ነገር ነው። ሦስቱንም ወር ምንም ሳይከፍል ቆይቶ 300 ባንድ ጊዜ ሲጠየቅ ግን ቤቱን ጥሎ ከመጥፋት ሌላ ምርጫ የለውም። ትንሽም ቢሆን በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ይሻላል የምለው ለዚ ነው፣ ተከራዩ ይሄንንም ካልቻለ፣ በደህናው ጊዜ አውጥቶ ሌላ ተከራይ ማግኘት እንደሚቻለው በሎክዳውን እንደማይቻል አከራዩ ማሰብ አለበት። ያለህን ተከራይ ካስወጣህ የመጀመሪያውን አከራይ ሆንክ ማለት ነው፣ ባዶ ቤት የያዘውን።

እዚ ጋር ማንም የማያስተውላት አንዲት ነገር አለች። የሚገባው ገንዘብ ለየትኛው ወር ነው የሚያዘው? ተከራዩ በአራተኛው ወር 100 ሲያስገባ አከራዩ ለውዝፉ ካዋለው አራተኛው ወር እንዳልተከፈለ ይሆናል። ለጀርመኑ ተከራይ ይሄ ቀልድ አልነበረም፣ የተጠበቀው የኤፕሪል፣ የሜይና የጁን ኪራይ ብቻ ነው፣ ጁላይ አልተጠበቀም። የጁላይና የኦገስት ገንዘቡ ለኤፕሪልና ለሜይ ከታሰበበት ሁለት ያልተጠበቁ ወሮች ተከታትለው ክፍት ይሆናሉ፣ እዛ አገር ደሞ ሁለት ተከታታይ ወር አለመክፈል ውል ለማቋረጥ ይበቃል። ባንክ ሲያስገባ «ምክንያት» የምትለው ሳጥን ውስጥ የወሩን ስም መጻፍ፣ በቃ ይሄው ነው መፍትሄው።

ማስያዣውን ለኪራይ እናውለው የሚል ሀሳብም ብዙ ጊዜ ይመጣል። ለአንድ ወር ያስተነፍሳል፣ ግን ሲወጣ ለጉዳት የሚያዝ ነገር አይኖርም፣ በአንዳንድ አገር ደሞ ማስያዣው በሦስተኛ ወገን ስለሚቀመጥ አከራዩ እንደፈለገ አይነካውም። እኔ አልመክርም።

ጥገናን በተመለከተ ባጭሩ፣ ውሃ ማፍሰስ፣ ጋዝ፣ ኤሌክትሪክ፣ የማይዘጋ በር በሎክዳውንም ይጠገናሉ፣ ቀለምና ካቢኔት ይቆያሉ። ተከራዩ ታሞ ወይም ተጋልጦ ራሱን ለይቶ ከሆነ ቀጠሮ የጠየቃችሁበትንና እሱ የመለሰበትን ቴክስት አስቀምጡ፣ የቤቱ የዓመት የደህንነት ምርመራ ቀኑ ካለፈባችሁ ሞክራችሁ እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነው።

እገዳው ሲነሳ የሆነውም እንደ በር ባንዴ መከፈት አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያ ከማርች 26 2020 ጀምሮ ሦስት ወር፣ ከኦገስት 29 2020 ጀምሮ በአብዛኛው ስድስት ወር፣ ከጁን 1 2021 ጀምሮ አራት ወር ነበር፣ ወደ ድሮው የተመለሰው ኦክቶበር 1 2021 ነው። የሚቆጠረው ማስጠንቀቂያው የተሰጠበት ቀን ስለሆነ በኦገስት 28 የሰጠና በ29 የሰጠ አከራይ የሦስት ወር ልዩነት ነበራቸው፣ ህጉን ያላዩ አከራዮች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው በቀን ስህተት ከዜሮ ይጀምሩ ነበር። አሜሪካ የሲዲሲው እገዳ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የወደቀው ኦገስት 26 2021 ነው፣ ያኔ ኮንግረስ ለኪራይ እርዳታ ከመደበው ከ46 ቢሊዮን ዶላር በላይ አብዛኛው ገና ሰው እጅ አልደረሰም ነበር። ገንዘቡ በብዙ ቦታ በቀጥታ ለአከራይ የሚከፈል ነበር፣ ግን የሁለቱንም ወረቀት ይጠይቃል፣ ስለዚ «እሱ ነው መጠየቅ ያለበት» ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ አከራይ የራሱን ገንዘብ ነው ያዘገየው።

የኔዋ ልጅ ሁለት ዓመት ከምናምን ኖራ ወጣች። ስትወጣ ኩሽናው ወለል ላይ የተቃጠለች ትንሽ ክብ አየሁና ድስት አስቀምጣበት ነው ብዬ ሂሳቡን በሆዴ ማስላት ጀመርኩ። እሷ ምንም አልተከራከረችም፣ ስልኳን አውጥታ ያኔ የላኩላትን የርክክብ ቪዲዮ ከፈተችና አራተኛው ደቂቃ ላይ አቆመችው። በኔው ድምፅ ቀኑን እየተናገርኩ ካሜራውን ወለሉ ላይ ሳንሸራትት ክቧ እዛው አለች። ማስያዣዋን በዛው ቀን ሙሉውን መለስኩላት።